መድኃኒት ያላስቆመውን ድምፅ ማግኔት ያስቆመው ይሆን?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት ከተባለ አምስት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ሪስፔሪዶን፣ ቀጥሎ ኦላንዛፒን ታዘዘለት። ጥርጣሬውና መረበሹ በጣም ቀንሷል፤ ድምፁ ግን አልተወውም። ማንም በሌለበት ሁለት ሰዎች ስለ እሱ እያወሩ ሲሰድቡት ይሰማዋል። ማታ ማታ ስለሚብስበት ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ያድራል። አሁን አንድ ክሊኒክ «አንጎልን በማግኔት የሚያነቃቃ ሕክምና አለ፤ 20 ጊዜ ከተመላለሰ ይሻለዋል፣ መድኃኒቱንም ያቆማል» አለን። እናታችን «ኤሌክትሪክ ሊያደርጉበት ነው» ብላ አለቀሰች። እሱ ደግሞ «መሣሪያው ሐሳቤን ያነብባል» ብሎ ፈርቷል። ምን እናድርግ? ታላቅ እህቱ ነኝ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ትራስ ጭኖ የሚያድርበት ሌሊት ለእሱም ለእናንተም ምን ያህል እንደሚረዝም ይገባናል። ስለዚህ ቁርጡን እንንገርዎ። ሕክምናው እውነተኛ ነው፤ አንጎል አያቃጥልም፤ ለአንዳንድ ሰውም ድምፁን ያለዝብለታል። ነገር ግን በመድኃኒት ላይ የሚጨመር እንጂ መድኃኒትን የሚተካ አይደለም። «መድኃኒቱን ያቆማል» ያላችሁ ሰው ተሳስቷል። ማግኔቱ የሚነካው የአንጎልን አንድ ጠባብ ቦታ ነው። ድምፁ ቀለለኝ ብሎ ኦላንዛፒኑን የተወ ሰው፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጥርጣሬውና መረበሹ ተመልሶ ቢነሣበት ማግኔቱ የሚይዝለት ነገር የለም። ይህን ቃል የሰጣችሁ ክሊኒክ ቃሉን ካላስተካከለ በሌላውም ነገር ላይ እንድታምኑት አንመክርም።

ከማግኔቱ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስላላየነው እናንሣው። ክሎዛፒን ተሞክሯል? ሁለት የተለያዩ የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የመስማትና መሠረት የሌለው ጥርጣሬ የማደር) መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ ሳይቆራረጡ ተወስደው ካልበቁ ሕመሙ ለተለመዱት መድኃኒቶች አልበገር ያለ ነው ይባላል። እዚያ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ከየትኛውም መድኃኒትና ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ማስረጃ ያለው ክሎዛፒን ነው። ወንድምዎ ሁለት መድኃኒት ሞክሯል፤ ሁለቱንም በዚህ መልክ ወስዶ ከሆነ የሐኪሙ ቀጣይ እርምጃ እሱ ሊሆን ይገባው ነበር። ክሎዛፒን ቀላል መድኃኒት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ደም ይመረመራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብም ይከታተሉታል። እንቅልፍ ያበዛል፣ ምራቅ ያዝረከርካል፤ ሰዎች በጣም የሚንቁት ጉዳቱ ደግሞ ከባድ የሆድ ድርቀት ነው፤ ችላ ከተባለ ይገድላል። ይህ ሁሉ ኖሮም ድምፁን ዝም ያሰኘላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሐኪሙ በዝምታ ካለፈው ምክንያቱን ይጠይቁት፤ የደም ምርመራ አስቸግሮ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ወንድምዎ ላይ የተለየ አደጋ አይቶ ይሆናል።

«በበቂ መጠን» እና «ሳይቆራረጥ» ያልነውን አጥብቀው ይያዙት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቀን 2 ሚሊግራም ሪስፔሪዶን ሲወስድ ቆይቶ «አልሠራለትም» የተባለ አዋቂ ሰው ገና በደንብ አልተሞከረለትም፤ አብዛኛው ሰው ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ኦላንዛፒንም ዘወትር የሚሰጠው ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ነው። ወንድምዎ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ጭሱ ጉበቱን ያፈጥንና ኦላንዛፒኑ ቶሎ ከደሙ ይወጣል፤ ክሎዛፒንም እንደዚያው ነው። ተገላቢጦሹም አለ፦ ክሎዛፒን እየወሰደ በድንገት ሲጋራ ያቆመ ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ሊጎዳው ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይናገር አያቁም። ክኒኑን በየቀኑ ይውጠው አይውጠው ማወቅ ደግሞ እሱን መወንጀል አይደለም፤ ሲያደክመው፣ ሲያወፍረው፣ አፉን ሲያደርቀው ማንም ሰው ይዘልላል። መዝለሉ ከታወቀ በየጥቂት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ያን ጊዜ ችግሩ የመድኃኒቱ አለመሥራት ሳይሆን አለመወሰዱ እንደነበር ይታያል።

አሁን ወደ ማግኔቱ። መሣሪያው በ8 ቁጥር ቅርጽ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮይል ይሉታል። በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጭንቅላት ላይ ይደገፋል እንጂ የሚወጋ፣ የሚገባ ነገር የለውም። በሽቦው ውስጥ ከአንድ ሰከንድ ሺኛ ባነሰ ቅጽበት ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ከ1.5 እስከ 2 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የሚደርስ መግነጢሳዊ መስክ ይነሣል። ጉልበቱ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየው የኤምአርአይ ማሽን ያህል ነው፤ የሚቆየው ግን ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። መስኩ ቆዳውንና አጥንቱን አልፎ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ድረስ ይዘልቅና በአንጎል ገጽ ላይ ያሉትን ነርቮች ያነሣሣል። መሣሪያውን ለአንጎል ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ፣ ሼፊልድ፣ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው። በጥቅሉ በሰከንድ 1 ጊዜ የሚመታ ምት ከሥሩ ያለውን ቦታ ያረግበዋል፤ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመታ ደግሞ ያነቃቃዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ሁልጊዜ በሁሉም ሰው ላይ እኩል የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ የሕክምናው መርሐ ግብር የሚነደፈው ግን በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ለድምፅ የሚመረጠው ቦታ ከግራ ጆሮ በላይ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ነው። ንግግርን የምንሰማበትና የምንለይበት የአንጎል ክፍል እዚያ ነው፤ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ድምፁ በመጣባቸው ሰዓት በኤምአርአይ ሲታዩ ይህ አካባቢ ሲሠራ ይገኛል። ማንም ሳይናገር የሚሠራውን ቦታ በዝግታ ምት እናርግበው የሚል ነው ሐሳቡ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ራልፍ ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 በ12 ታካሚዎች ላይ ሞክረው ድምፁ ከማስመሰያው ሕክምና ይልቅ በእውነተኛው መቀነሱን አሳተሙ። ማስመሰያ ማለት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማ ወደ አንጎል ምንም የማይልክ ኮይል ነው፤ ታካሚው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ጥሩ ውጤት አገኙ፤ ሌሎቹ፣ በተለይ ሰፋ ያሉትና ጠንከር ያሉት፣ ከማስመሰያው ብዙም የተለየ ነገር አላዩም። በማስመሰያው የታከሙትም ሰዎች በርከት ብለው ይሻላቸዋል፤ በየቀኑ መመላለስ፣ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘትና ተስፋ ማድረግ በራሳቸው ድምፁን ያቀልላሉና። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መመሪያ ለድምፅ የሚሰጠውን የ1 ሄርዝ (በሰከንድ 1 ጊዜ የሚመታ) ሕክምና «ሊጠቅም ይችላል» በሚለው፣ በዝቅተኛው የማስረጃ ደረጃ አስቀመጡት። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን ዓይነት መሣሪያ ለድብርት እ.ኤ.አ. በ2008 ፈቅዷል፤ ለስኪዞፍሬንያ ግን አልፈቀደም። ክሊኒኩ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፈቃድ ወረቀት ቢያዩ ለምን ሕመም እንደተፈቀደ ያንብቡት።

ይህ ነገር በተግባር ትርጉም አለው። ብዙ ክሊኒኮች መሣሪያውን የሚገዙት ለድብርት ነው፤ የለመዱትም መርሐ ግብር የድብርቱ ነው፦ ኮይሉ ከግንባር በላይ በግራ በኩል ይቀመጥና በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታል። ድምፅ ለሚሰማ ሰው ይህንኑ ቢደግሙለት የተሳሳተ በር እንደ ማንኳኳት ነው። የግንባሩ ቦታ ስኪዞፍሬንያ ላይም የተሞከረው ለሌላ ነገር ነው፤ ለዝምታው፣ ለስሜት መደንዘዙ፣ ከሰው ለመራቁ። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን 175 ታካሚዎች ተሳትፈውበት በታተመ ጥናት ለ3 ሳምንት ተሰጥቶ ከማስመሰያው አልበለጠም። ስለዚህ የሚጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው፦ «ኮይሉን የት ታስቀምጡታላችሁ? በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል?» መልሱ «ከግራ ጆሮ በላይ፣ 1 ሄርዝ» ከሆነ ስለ ድምፅ እያወራችሁ ነው። «ማሽኑ ራሱ ያውቃል» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አንድ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚመስል እንንገርዎ፤ ለእሱም አስቀድመው ይንገሩት። መጀመሪያ ከጭንቅላቱና ከአካባቢው ብረት ሁሉ ይወልቃል፦ መነጽር፣ የጆሮ ጌጥ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና የባንክ ካርድም ጭምር። የጆሮ መሰኪያ ያደርጋል፤ ይህን እንዳያስቀሩበት፣ ኮይሉ እየጠቀጠቀ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮ የሚጎዳ ነውና። ከዚያ መጠኑ ይለካል። ባለሙያው ኮይሉን በጭንቅላቱ ግራ በኩል፣ ቀኝ እጅን የሚያዝዘው ቦታ ላይ አድርጎ አንድ አንድ ምት ይሰጣል። ወንድምዎ እጁን ጭኑ ላይ ዘና አድርጎ ሲቀመጥ በድንገት የቀኝ አውራ ጣቱ ሳያዝዘው ብድግ ትላለች። ይህ ለማያውቀው ያስደነግጣል። ከ10 ምት በ5ቱ ጣቷን የሚያንቀሳቅሰው ዝቅተኛ ጉልበት የእሱ የራሱ ልክ ይሆናል፤ ለድምፅ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የዚህ ልክ 90 በመቶ ነው። ኮይሉ ወደ ጆሮው በላይ ይዛወርና 20 ደቂቃ ገደማ ይመታል፤ በሰከንድ 1 ስለሆነ 1200 ምት ማለት ነው። በሳምንት 5 ቀን ከተሰጠ ክሊኒኩ ያላችሁ 20 ጊዜ 4 ሳምንት ይፈጃል።

በዚህ መሐል የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ልኩ ሳይለካ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጉልበት የሚሰጥ ካለ፣ አንዱን ከሚፈለገው በታች፣ ሌላውን ከሚፈለገው በላይ እየመታ ነው። መድኃኒት ሲቀየር ልኩም ሊቀየር ይችላል፤ እንደገና መለካት አለበት። ኮይሉ ጭንቅላቱን በደንብ ካልነካ፣ ከተንጋደደ ወይም በወፍራም ፀጉር ከራቀ ጉልበቱ በጥቂት ሚሊሜትር ብዙ ይወርዳል። በየቀኑ ያው ቦታ መገኘቱን የሚያረጋግጡበት መንገድም ሊኖራቸው ይገባል፤ ምልክት ያለበት ኮፍያ ወይም በካሜራ የሚመራ መሣሪያ ይጠቀማሉ። «በዓይን ግምት» ከሆነ ዛሬና ነገ የተመታው ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ቲታ በርስት የሚሉት አጭር ዓይነት ይሰጣል፤ ለማርገብ የሚሰጠው 600 ምት በ40 ሰከንድ ያልቃል። ማጭበርበር አይደለም፤ ለድምፅ ያለው ማስረጃ ግን ከዝግተኛው የተሻለ አይደለም።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰው የሚያማርረው ራስ ምታትና ኮይሉ ያረፈበት ቦታ መቆጥቆጥ ነው። ጆሮ አካባቢ ስለሚሆን የመንጋጋ ጡንቻ ከምቱ ጋር ሊርገበገብ ይችላል። እነዚህ በተለመደ የራስ ምታት መድኃኒት ይበርዳሉ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላም ይቀንሳሉ። ከባዱ አደጋ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ነው። ከ1000 ታካሚ 1 እንኳ የማይሞላ ብርቅ ነገር ነው፤ ሲከሰትም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። ነገር ግን አደጋውን ከፍ የሚያደርጉ ነገሮች በወንድምዎ ዓይነት ሕይወት ውስጥ የተለመዱ ስለሆኑ እንዘርዝራቸው። እንቅልፍ ማጣት አንዱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ጭኖ ያደረ ከሆነ ለባለሙያው ይናገር፣ ያን ቀን መቅረቱ ይሻላል። አልኮል ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ ማስታገሻ በድንገት ማቆም ሌላው ነው። ክሎዛፒን ራሱ፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል፣ መንዘፍዘፍን ያቀርባል፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ አይቻልም ማለት አይደለም፣ ሐኪሙ መጠኑን አውቆ ያመዛዝን ማለት ነው። ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ካለ ሳይናገሩ አይጀምሩ። በጭንቅላት ውስጥ ብረት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ የደም ሥር መቆንጠጫ፣ የጥይት ፍንጣሪ ወይም ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ፣ አይታከምም፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያም እንዲሁ መነገር አለበት። የተለመደ የጥርስ ሙሌት ግን አያሰጋም። ክሊኒኩ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ሳይጠይቃችሁ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ከጀመረ አስቁሙት።

ለእናትዎ እንዲህ ብለው ያስረዷቸው። እሳቸው የፈሩት በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሕክምና ነው። ያኛው ሰውየውን በማደንዘዣ አስተኝተው ሆን ብለው መንዘፍዘፍ የሚያስነሡበት ነው፤ እሱም በተገቢው ቦታ ሕይወት ያተርፋል፣ ግን ይህ እሱ አይደለም። እዚህ ማደንዘዣ የለም፤ ልጃቸው ነቅቶ፣ ተቀምጦ፣ እያየ ይታከማል፣ ሲጨርስም በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቢችሉ አንድ ቀን አብረው ይሂዱና ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ፤ ባዩት ነገር ልባቸው ይረጋል።

የወንድምዎ ፍርሃት ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ እንደ ቀላል እንዳያልፉት። ሐሳቡ ይነበባል ብሎ የሚያምን ሰው ጭንቅላቱ ላይ መሣሪያ ሲደረግበት ሕክምናው ራሱ የጥርጣሬው አካል ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ቢቀንስ እንኳ «አሁን እነሱ ተቆጣጠሩኝ» ወደሚል ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አይከራከሩት፣ አያታልሉት፣ «ለራስ ምታት ነው» ብለው አይውሰዱት። እውነቱን ይንገሩት፦ ኮይሉ ይልካል እንጂ ምንም አይቀበልም፤ የሚመዘግበው፣ የሚሰማው ነገር የለም። ባለሙያውን ለምነው ኮይሉን በእጁ ይያዘው፤ አንድ ምት መጀመሪያ በራሱ ክንድ ላይ ይቅመሰው። «በቃ» ሲል ወዲያው እንደሚያቆሙለት በፊቱ ይስማሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ «አልፈልግም» ካለ አይገደድ፤ ሊጠቅም ይችላል ለሚባል ሕክምና ብላችሁ በእናንተ ላይ ያለውን እምነት አታጥፉ። እምነቱ መድኃኒቱን ለማስዋጥም ያስፈልጋችኋል።

እሺ ካለና ከጀመረ፣ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት አንስቶ ደብተር ይያዝ። በየማታው ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ዛሬ ድምፁ ስንት ሰዓት ያህል ቆየ፣ ጩኸቱ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ያስጨነቀኝስ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው። ጭንቀቱን ለይተን ያስጻፍነው በምክንያት ነው፤ ለብዙ ሰው ድምፁ ሳይጠፋ ይርቅና መናከሱ ይቀራል። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ «ጠፋ ወይስ አልጠፋም?» ብቻ ብትሉት ግን አታዩትም። ከ10ኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ከሐኪሙ ጋር ተቀመጡ፤ በ15ኛውም ምንም የተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሌለ ማቆም ሽንፈት አይደለም። ከሠራለትም ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ነው፤ ሲመለስበት «ከሽፈናል» እንዳትሉ፣ መደገም ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ድምፁ «ራስህን ግደል» ወይም «እከሌን ምታ» ማለት ከጀመረ ግን ማግኔትም፣ ቀጠሮም፣ ደብተርም ይቆየን፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፣ ለብቻውም አትተዉት። ትዕዛዝ ይሰማ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይጠይቁት።

ለዛሬ ማታ ደግሞ ትራሱን የሚተካ ነገር እንስጠው። ብዙ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ከንፈራቸውን ገጥመው ዜማ ሲያንጎራጉሩ ወይም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ድምፁ ይደክምላቸዋል፤ በራስ አፍ መናገር ንግግር የሚሰማበትን ያንኑ ክፍል ሥራ ያስይዘዋልና። በጆሮ ማዳመጫ ቀስ ያለ ሙዚቃ ወይም ንግግር መስማትም ይረዳል። አንዱ ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም፤ ሁለት ሦስቱን ይሞክርና የትኛው እንደረዳው ያው ደብተር ላይ ይጻፈው። ሌሊት ሲነቃ የሚያናግረው ሰው ከፈለገም፣ ከእርስዎና ከእናትዎ አንዳችሁ ተራ ያዙለት፤ ሁለታችሁም እንቅልፍ ያስፈልጋችኋልና።